ያየው ሰው ይጠየቅ

ስለ ምግብ አዳራሹ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ የመዝጊያ ሰዓትና ስለ ፈተና ውጤት መዘግየት በዚህ ገጽ ብዙ ተጽፎአል፤ ወደ ፊትም ይጻፋል። ዛሬ ግን፣ ውድ አንባብያን፣ ከግቢው አጥር ውጭ፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ ቡታጅራን አልፈን ወደ መስቃን ገጠር አብራችሁኝ እንድትሄዱ እለምናለሁ። ነገሩ የገዛ ቤቴ ነገር ስለ ሆነ በርእሰ አንቀጽ ቦታ መውጣቱን አንዳንድ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦቼ አልወደዱትም ነበር። የቤትን ገበና አደባባይ ማውጣት በአገራችን ነውር መሆኑን እኔም አላጣሁትም። ነገር ግን ይህ ገበና የብዙ ቤት ገበና መሆኑን ስለ ተረዳሁ ይውጣ ብያለሁ፤ እኅቴም ፈቅዳለች።

ታናሽ እኅቴ ከ2 ዓመት በፊት፣ የ13 ዓመት ልጅ ሳለች፣ አንድ ነገር ጀመራት። በመጀመሪያ መውደቅ የሚባል ነገር አልነበረም። ቡና ስታቀርብ ሲኒውን እንደ ያዘች ቀጥ ትላለች። ዓይኗ ክፍት ነው፤ ግን አያይም። ከንፈሯ አንድ ነገር እንደሚቀምስ ሰው ይንቀሳቀሳል፤ በአንድ እጇ የሻሿን ጫፍ ትነካካለች። ጥቂት ቆይታ ትመለሳለች፤ ምን ሆንሽ ቢሏት አታውቅም። በትምህርት ቤት አስተማሪዋ ሰነፍና ልበ ቢስ ናት ብሎ ከክፍል አስወጥቷታል። እናቴ ልቧ ሌላ ዘንድ ነው አለች። አክስቴ የሰው ዓይን ነው አለች። አጎቴ ዱዓ ይደረግላት ብሎ ወደ አንድ ሼህ ወሰዳት፤ ጎረቤታችን ደግሞ ጠበል ይሻላታል አለች፤ ወደ ሁለቱም ዘንድ ሄደች። በመስቃን እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ የሚገበያይ፣ በአንድ ለቅሶ ቤት የሚቀመጥ ሕዝብ ነውና መድኀኒት ሲፈለግ የማን ነው አይባልም።

ባላገር ሐኪም አያውቅም የሚል ሰው እንዳይኖር ልናገር፤ ወደ ሐኪምም ሄደናል፣ ያውም ሦስት ጊዜ። በመጀመሪያው ደሟ ተመረመረና ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኀኒት ተሰጣት። በሁለተኛው ቦታ ምን ይሰማሻል ተብላ ስትጠየቅ፣ «ከሆዴ አንድ ነገር ይነሣና ወደ ደረቴ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ አላውቅም» አለች። መርማሪው «ሆዴ» ከሚለው ቃል ላይ ቆመ፤ «ከዚያ በኋላ አላውቅም» የሚለውን አልሰማም። ጨጓራ ተባለና ለ3 ወር የጨጓራ መድኀኒት ዋጠች። በሦስተኛው ቦታ ሐሳብ ነው፣ ስታገባ ይተዋታል ተባለ። የእነዚህን ቦታዎች ስም አልጽፍም። በየበሩ ላይ ስንት ሰው ተሰልፎ እንደሚጠብቅ በዓይኔ አይቻለሁና፣ አንድ የደከመ ሰው በዚህች ወረቀት ልከስ አልፈልግም።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ከምድጃው አጠገብ ወደቀች። በእኛ ቤት ምድጃው በቤቱ መካከል ነው፤ እሳቱም ከሞላ ጎደል አይጠፋም። ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ ድረስ ተቃጠለ። በዚያን ሰዓት በቤት ውስጥ 4 ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ክብሪት ጭሮ ጭሱን በአፍንጫዋ ሊያሸታት ሮጠ፤ የቀሩት ግን ለመንካት ፈሩ፤ በሚጥልበት ሰዓት የነካውን ሰው በሽታው ይጋባበታል ይባላልና። እጇን ከእሳቱ ያወጣት የ9 ዓመት ታናሽ ወንድማችን ነው። እርሱ ገና ይህን ወግ አልተማረም ነበር።

ቁስሉን ለማሳከም በሄደችበት ቦታ አንድ ጤና መኮንን አገኘን። (እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ሲጀመር፣ ሐኪም ለሌለው ገጠር እንዲደርሱ ታስቦ ነበር። የእኛው ሰው ለዚያ ሐሳብ ጥሩ ምስክር ነው።) ሰውየው ቁስሉን ካጠበ በኋላ እኅቴን ተወና ወደ እናቴ ዞሮ፣ «ይህ ነገር ሲጀምራት ያየው ማን ነው?» አለ። እናቴ ደንግጣ ዝም አለች፤ በእርግጥም ሁልጊዜ የደረሰችው ከወደቀች በኋላ ነው። ሁልጊዜ አብሯት የሚውለው ትንሹ ወንድማችን ነበር፤ እርሱም በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀናል። ተጠርቶ ገባ። ጤና መኮንኑ፣ «እስቲ አንተ እርሷን ሁንና አሳየኝ» አለው።

ልጁ አላፈረም። መጀመሪያ ሆዱን ያዘ። ቀጥ አለ፤ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ የሸሚዙን ጫፍ ነካካ። ከዚያ ራሱን ወደ ቀኝ አዞረ፤ ቀኝ እጁ ተገተረ፤ ወዲያው መሬት ላይ ወድቆ ሁለመናውን አንቀጠቀጠ። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሰዎች በመጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ ግን ማንም አልሳቀም። ጤና መኮንኑ ሰዓቱን አውጥቶ ምን ያህል እንደሚቆይ ልጁን አስገመተው፤ ወደ 2 ደቂቃ ሆነ። ምላሷን ትነክሳለች ወይ? ሽንት ያመልጣታል ወይ? ሲተዋት ትተኛለች ወይስ ወዲያው ትነሣለች? ስትወለድ ምጡ ረዝሞ ነበር ወይ? በሕፃንነቷ ትኩሳት ጥሏት ያውቃል ወይ? ራሷን ተመትታ ታውቃለች ወይ? ይህ ሁሉ 20 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በመጨረሻ፣ የሚጥል በሽታ መሆኑን፣ የጀመራትም እሳት ላይ የወደቀች ዕለት ሳይሆን ሲኒ ይዛ ቀጥ ያለች ዕለት መሆኑን ነገረን። ከሆዷ የሚነሣው ነገርም ጨጓራ አይደለም፤ የበሽታው መጀመሪያ ራሱ ነው። ለበለጠ ምርመራ አዲስ አበባ ላካት፤ የአንጎሏ ኤሌክትሪክ በመሣሪያ ተመዘገበና ምንም አልተገኘበትም። እኔ ተደስቼ ነበር። ሐኪሙ ግን፣ መሣሪያው የሚመዘግበው በሽታው ባልተነሣበት ሰዓት ስለ ሆነ ንጹሕ ቢሆንም በሽታው የለም ማለት እንዳልሆነ አስረዳኝና፣ «ከዚህ ወረቀት ይልቅ ወንድምሽ ያሳየው ይበልጣል» አላት።

ይህን ካየሁ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስፈልግ ያገኘሁት ነገር አሳፈረኝ። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በቡታጅራ ዙሪያ የገጠር ጤና ፕሮግራም አቋቁሞ ልደትንና ሞትን ከቤት ቤት እየዞረ ሲመዘግብ ኖሮአል። በዚያው ዘመን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ያን ጊዜ መስቃንና ማረቆ ተብሎ በአንድነት ይጠራ በነበረው ወረዳ የነርቭ በሽታዎችን ሲያጠኑ፣ ከ60,820 ሰው መካከል የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሰዎች አገኙ፤ ይህም ከ1,000 ሰው 5.2 ማለት ነው። በሽታው ይበልጥ የታየው ከ10 እስከ 19 ዓመት በሆናቸው ላይ ነበር፤ እኅቴ በዚህ ውስጥ ናት። በእሳት የተቃጠሉም ነበሩባቸው። ተገቢውን መድኀኒት ያገኙት ግን ከመቶ 2 እንኳ አይሞሉም ነበር፤ የቀሩት በሥር፣ በጠበልና በክታብ ላይ ነበሩ። ጽሑፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። እኔ ከዚያው ወረዳ ተወልጄ፣ 12 ዓመት ተምሬ፣ እዚህም ደርሼ፣ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልሰማሁም ነበር። አጥኚዎቹን አልወቅስም፤ እነርሱ ቤታችን ድረስ መጥተው ጠይቀውናል፤ የጻፉትም በሚያነብበው ቋንቋ፣ ለሚያነብበው ሰው ነው። እንግሊዝኛውን አንብበን ወደ አባቶቻችን ቤት መመለስ የነበረብን ግን እኛ ነን።

ደግሞ መድኀኒቱ ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። ፌኖባርቢታል የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ለዚህ በሽታ የታወቀ፣ ዋጋውም ርካሽ የሆነ ክኒን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በዓለም ላይ ይህ በሽታ ካለባቸው 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በትክክል ተመርምረው ቢታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። በጎረቤታችን በሶዶ ወረዳም በ2000ዎቹ ዓመታት የአእምሮ ሕመምና የሚጥል በሽታ ሕክምና በተራ ጤና ጣቢያ፣ በነርስና በጤና መኮንን እጅ እንዲሰጥ ተሞክሮአል። ስለዚህ፣ የሕክምና ተማሪዎች ጓደኞቻችን ስለ መሣሪያና ስለ ስፔሻሊስት እጥረት የሚያነሡትን አቤቱታ ብንደግፍም፣ እኅቴን ያንከራተታት የመሣሪያ እጥረት ነው ብለው ሊያሳምኑን አይችሉም። የጎደለው አንድ ጥያቄ ነበር። በዚህ በሽታ ከቤተ ሰቡ መካከል በሽታውን አይቶት የማያውቀው ሕመምተኛው ራሱ ነው፤ እኛ ግን የምንጠይቀው እርሱን ብቻ ነው።

የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ በዚህ ወር ባደረገው ስብሰባ የሚከተለውን ተስማምቷል። የሕክምናና የጤና መምህራኖቻችንን አስፈቅደን፣ ከላይ ያሉትንና የመሰሉትን ጥያቄዎች የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ እናባዛለን። በመስቃን ንግግር የሚጠይቁትን ቃላት ከአገሩ ልጆች ጋር ሆነን እናሟላለን፤ እናቴ «ኦራ» የሚባለውን የሐኪም ቃል አታውቅም፣ «ከሆዷ የሚነሣው» የሚለውን ግን ታውቃለች። ለክረምት የሚሄድ ተማሪ በሰፈሩ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ ያየውን ሰው ጠይቆ፣ ያለውን እንዳለ ጽፎ፣ ወረቀቱን ለሕመምተኛው ቤተ ሰብ ይሰጥና ወደ ጤና ጣቢያ አብሮ ይሄዳል። የበሽታውን ስም ግን አይጽፍም! ራስን መሳት፣ የሕፃናት የትኩሳት መንቀጥቀጥ፣ ወባ፣ የስኳር ማነስ፣ እነዚህ ሁሉ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ለይቶ ስም መስጠት የባለሙያው ድርሻ ነው። በኪሳችን ያለው ስልክም ሊረዳ ይችላል፤ በሚነሣበት ሰዓት የተቀረጸ ምስል ለመርማሪው ትልቅ ነገር ነው። ይህ ግን ሕመምተኛው ወይም ወላጁ ፈቅዶ፣ ሰውነቱ ተሸፍኖ፣ ለመርማሪው ብቻ የሚታይ መሆን አለበት። በመዝናኛነት ለጓደኛ ያሳየ ተማሪ ከማኅበሩ እንዲወጣ እኔ ራሴ አመለክታለሁ።

የወደቀውንም ሰው እንዴት መርዳት እንዳለብን በዚያው ወረቀት ጀርባ ይታተማል፦ ከእሳትና ከገደል ማራቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ በአፉ ማንኪያም ሆነ ሌላ ነገር አለማስገባት፣ ክብሪቱን መተው፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ። ክኒን የጀመረ ሰው ሻል ሲለው በድንገት ከተወ በሽታው ብሶ ሊነሣበት ስለሚችል፣ ይህም በጉልህ ይጻፋል።

እኅቴ ካለፈው ጥር ወዲህ አልወደቀችም። ቀጥ ማለቱ ግን አልፎ አልፎ አለ፤ የመድኀኒቱ መጠን ገና እየተስተካከለ ነው። በቀኝ እጇ እርሳስ መያዝ ስላስቸገራት በግራዋ መጻፍ እየተማረች ነው። እናቴ ዱዓውንም ጠበሉንም አልተወችም። ጤና መኮንኑን ስትጠይቀው፣ ክኒኑን አንድ ቀን እንኳ አታስታጉይ እንጂ እኔ አልከለክልሽም ብሏታል። ወንድማችን በየቀኑ ማታ ክኒኑን የሚያቀብላት እርሱ ነው።

ከመስቃን፣ ከማረቆ፣ ከሶዶና ከሌላም አገር የመጣችሁ፣ በዚህ ሥራ ለመሳተፍ የምትፈልጉ ተማሪዎች እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስማችሁን አስመዝግቡ። ረቂቁን ለማረም ፈቃደኛ የሆኑ መምህራንም ከዚያው ያገኙታል። የማባዣ ወረቀት 4 ጥቅል ይጎድለናል።