ራስ በተመታ ጊዜ ጉዳቱ ከወዴት ነው?

ልጅ ከዛፍ ወይም ከደረጃ በወደቀ ጊዜ አስቀድመን የምንመለከተው የተላጠውን ቆዳና ያበጠውን ስፍራ ነው። ደሙ ከቆመ፣ እብጠቱም ከበረደ፣ «ተመስገን፣ ተረፈ» ብለን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ነገር ግን የአንጎል ጉዳት ኹልጊዜ ከቁስሉ ሥር አይገኝም።

አንጎል ለስላሳ ነው፤ በራስ ቅል ውስጥ በውሃ ተከቦ ይኖራል። ራስ በድንገት ሲቆም አንጎል ጉዞውን ቀጥሎ ከአጥንቱ ጋር ይጋጫል። የራስ ቅል ወለል ደግሞ ከግንባር በስተኋላና በጆሮ ግንድ በኩል ሸካራና ስለታም ነው። ስለዚህ በኋላ ራሱ የወደቀ ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ አንጎሉ የሚቀጠቀጠው በግንባሩና በጆሮ ግንዱ በኩል ነው።

ሆልቦርን የተባለ የኦክስፎርድ የፊዚክስ ሊቅ፣ ጄላቲን በራስ ቅል አምሳል ውስጥ አድርጎ መርምሮ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. ብርቱ ጉዳት የሚያመጣው በተለይ የራስ መሽከርከር መሆኑን ገለጠ። በዚህ ጊዜ በአንጎል ውስጥ ያሉት ረጃጅም ክሮች ይሳባሉ፤ ይበጠሳሉም። ከውጭ ግን ምንም ላይታይ ይችላል።

በጆሮ ግንድ ያለው አጥንት ስስ ነው፤ በሥሩም የደም ሥር ያልፋል። ይህ የደም ሥር ቢቀደድ ደሙ በአጥንቱና በአንጎል ሽፋን መካከል ይጠራቀማል። የተመታው ሰው ነቅቶ፣ ተጫውቶ፣ ከሰዓታት በኋላ ሊዝል ይችላል። እንግዲህ ደጋግሞ ቢያስመልሰው፣ የራስ ምታቱ ቢበረታበት፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ቢሰፋ፣ እጁ ወይም እግሩ ቢደክም፣ ቢያንፈራግጠው፣ ወይም ከእንቅልፉ ለመንቃት እንቢ ቢል፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ከዚህም ሌላ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የግንባር በኩል ያለው አንጎል ቍጣን የሚገታ፣ ሥራንም የሚያቅድ ነው፤ በጆሮ ግንድ በኩል ያለውም ትዝታንና ቋንቋን ይረዳል። ከአደጋ በኋላ ባል ቍጡ ቢሆን፣ ተማሪም ያጠናውን ቢረሳ፣ «ጠባዩ ከፋ፣ ሰነፈ» ብለን ለመፍረድ አንቸኵል። አለንጋ የተቀጠቀጠ አንጎልን አያድንም። ዕረፍት፣ ትዕግሥትና የሐኪም ምክር ግን ይረዱታል።