የኮከብ ተጫዋች ዋጋና የሕዝብ ገንዘብ

በባሕር ዳርና በወረታ መካከል በምትገኘው በሐሙሲት፣ በአውራ ጎዳናው ዳር ከጋለ ዘይት እያወጣች የምትሸጥ እናት፣ ተዳምጦ የተጠበሰውን ፓስቲ፣ ስኳር የለበሰውን ቦምቦሊኖና ምስር በሆዱ የያዘውን ባለሦስት ማዕዘን ሳምቡሳ በየዋጋቸው ስትለይ፣ ገዢው የልዩነቱን ምክንያት በዓይኑ አይቶ ከገዛ ኪሱ ይከፍላልና አያጉረመርምም።

የእግር ኳስ ክለቦቻችን ግን በ2011 ዓ.ም. የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳያልፍ ከፌዴሬሽኑ ጋር ሲስማሙ፣ ልዩ ጸጋ የተሰጠውንና ያልተሰጠውን በአንድ ጣሪያ ሥር ከማዋላቸው በቀር፣ ገንዘቡ ከማን እንደሚወጣ ለሚነሣው ዐቢይ ጥያቄ መልስ አልሰጡም፤ ብዙዎቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት በጀት ነውና።

ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ጎንደር የተመላችው ፍሥሐ የተጫዋቾቹ የድካም ፍሬ ስለ ነበረ፣ ለብልጫ ብልጫ ያለው ዋጋ መክፈል ፍትሕ እንጂ በደል አይደለም። በደሉ ውሉ ከሕዝብ ተሰውሮ ክፍያው ከሕዝብ ሲወሰድ ነው። ስለዚህ ክለቦች ውላቸውን ይግለጹ፤ ለኮከቦቻቸውም ከሜዳ መግቢያ፣ ከደጋፊና ከማስታወቂያ በሚያገኙት ገቢ ይክፈሉ፤ የመንግሥት በጀት ደግሞ በፎገራ ሜዳ በባዶ እግራቸው ኳስ ለሚያሳድዱ ሕፃናት ማሠልጠኛ ይዋል።