ፎቶው የጋይንት፣ ላይኩ የሌላ ሰው

ጉና ላይ የተነሳ የጉም ፎቶ፣ ነፋስ መውጫ ገበያ ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ፣ ከእስቴ ሠርግ የተቆረጠ ጭፈራ። ያነሳው የአካባቢው ልጅ ነው፤ ተመልካቹን የሚያፍሰው ግን አዲስ አበባ ወይም አሜሪካ የተቀመጠ ቻናል። ስም የለ፣ ብር የለ። ያው ልጅ ደግሞ በተራው የሰው ዘፈን ሙሉውን ከጀርባ አስገብቶ ይለቃል። ስለዚህ እስኪ ሕጉን እንየው፣ ሁለቱንም ወገን ይነካል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ሁሉም የሚጠቅሰው «ፌር ዩዝ» የአሜሪካ ሕግ ነው። ዩቲዩብ የአሜሪካ ኩባንያ ስለሆነ ቃሉ እኛም አፍ ገባ። የእኛው ሕግ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። እሱ የሚፈቅደው ከታተመ ሥራ መጥቀስን ነው፤ ያውም በአግባቡ ከሆነ፣ ለዓላማው ከሚያስፈልገው ካልበለጠ፣ ምንጩና የባለቤቱ ስም ከተገለጸ። ለዜና ዘገባም መጠነኛ ቦታ ይሰጣል። እንግዲህ «ክሬዲት ለባለቤቱ» ብሎ መጻፍ አንዱን ብቻ ማሟላት ነው፣ ፈቃድ አይሆንም። የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ አውርዶ የራስን ሎጎ መለጠፍማ መጥቀስ ሳይሆን መውሰድ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር። ቪዲዮ ከተቀረጸ ጀምሮ ጥበቃ አለው፣ ምዝገባ አያስፈልገውም። ፎቶ ግን እንደዛ አይደለም። አዋጁ ፎቶን የሚጠብቀው የስብስብ አካል ከሆነ፣ መጽሐፍ ውስጥ ከታተመ፣ ወይም ያነሳው ሰው ወይም የወኪሉ ስምና አድራሻ ካለበት ነው። ስም የሌለበትና በቴሌግራም የሚዞር ነጠላ ፎቶ በአገራችን ሕግ ፊት ባዶ እጁን ነው የቆመው።

ችግሩ እዚህ ጋ ይመጣል። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ አማራ ክልል ውስጥ ጦርነቱ ሲጀመር የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቆረጠ። ኔትወርክ ሲጠፋ ፎቶ የሚሄደው ከስልክ ወደ ስልክ ነው። ሦስተኛው ስልክ ላይ ሲደርስ ማን እንዳነሳው የሚያውቅ የለም። በዛ ላይ ስማዳ ወይም ታች ጋይንት ላይ ያለ ልጅ በእንዲህ ያለ ጊዜ ስሙንና አድራሻውን ፎቶ ላይ ይጻፍ? ማን ይደፍራል! ሕጉ ስም ይላል፣ ኑሮው ስምህን ደብቅ ይላል። በኔ እይታ ይሄ አንቀጽ የስቱዲዮ ማኅተም ለነበረበት ዘመን የተጻፈ ነው፣ መሻሻል አለበት።

እስከዛው ግን «ወይም የወኪሉ» የምትለዋ ቃል ትጠቅማለች። ደብረ ታቦርም ይሁን አዲስ አበባ ያለ የምታምኑት ሰው፣ ወይም የምትሠሩለት ፔጅ፣ በወኪልነት ስሙ ይግባ። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፣ አለበለዚያ ነገ ወኪሉ ራሱ ባለቤት ነኝ ይላል።

ፍርድ ቤት ከተሄደ አዋጁ ከባድ ነው። ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ100 ሺህ ብር አያንስም፤ ሆን ብሎ የጣሰ ሰው እስርም አለበት። ግን ከወገዳ ተነስቶ ጠበቃ ገዝቶ ማን ይመላለሳል? ቀላሉ መንገድ የዩቲዩብ ወይም የፌስቡክ የቅሬታ ቅጽ ነው። ዩቲዩብ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ማስጠንቀቂያ የደረሰበትን ቻናል ሊዘጋ ይችላል። ልብ በሉ፣ የባለቤትነት ስማችሁ ለተከሰሰው ሰው ሊታይ ይችላል፤ ቅጹንም ወኪል ሊሞላው ይችላል።

ካሜራው ፊት ያለው ሰውም አለ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ማሳየት አይቻልም፤ የአደባባይ ክስተት፣ ታዋቂ ሰውና የመሳሰሉት ሲቀሩ። ግቢ ውስጥ የምታለቅስ እናት የአደባባይ ክስተት አይደለችም። ሠርግ ላይ ማሲንቆ የሚመታው አዝማሪም በክዋኔው ላይ መብት አለው። ቪዲዮው የእናንተ ቢሆን እንኳ ዜማውን ያወጣው እሱ ነው፣ ጠይቁት።

ለማስረጃ የሚሆነው ዋናው ፋይል ነው። ቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱን ይቀንሳል፣ ፎቶው የተነሳበትን ሰዓትና የስልኩን ዓይነት የሚይዘውን መረጃም ያጠፋል። ለሌላ ሰው ይህቺን ላኩ፤ ዋናውን ሜሞሪ ካርድ ላይ አስቀሩ። የካሜራውን ሎኬሽን ግን ከመጀመሪያው አጥፉት።