ምጣዱ ይወደሳል፣ ሠሪዋ ትሰደባለች

የባህል ዐውደ ርእይ በተዘጋጀ ቁጥር ድስቱ፣ ጀበናው፣ እንስራውና ጋኑ በክብር ይደረደሩና «የአባቶቻችን ቅርስ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍባቸዋል። ሐሰት ነው። በደቡብ ጎንደር ደጋ ሸክላን የሠሩት አባቶች ሳይሆኑ እናቶች ናቸው፤ ያውም ጎረቤት «ቡዳ» እያለ ልጁን ከዓይናቸው የሸሸገባቸው እናቶች።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሐሙሲት፣ እንደ ሌላውም የደጋ ገበያ ሁሉ፣ ምጣድ የምትሸምት ባልቴት ዕቃውን በጣቷ እያንኳኳች ድምፁን ታዳምጣለች፤ የተሰነጠቀው ያስታውቃል። ዕውቀቷን እናከብራለን። ነገር ግን ያ ድምፅ የጠራው ሠሪዋ አፈሩን መርጣ፣ ከተወቀጠ ገል ጋር አዋሕዳ፣ ያለ መሽከርከሪያ በእጇ አበጅታ፣ አድርቃ፣ በኩበትና በእንጨት እሳት በልኩ ስለ ተኮሰችው ነው። እርጥበት ከቀረበት እሳቱ ውስጥ ይፈነዳል፤ የስንት ቀን ድካም ገል ሆኖ ይቀራል። ምጣድ ደግሞ ሰፊም ዝርግም በመሆኑ ከሁሉ ያስቸግራል። ገዢዋ በጎመን ዘር አሟሽታ እንጀራው ዐይን ሲያወጣላት ግን ምስጋናው ለጤፉና ለጋጋሪዋ ብቻ ይሆናል።

«ዘመን ተለውጧል፣ ብረት ድስት መጥቷል» የሚለን አይጠፋም። ይምጣ! ጀሪካን ከእንስራ መቅለሉን የሴት ጀርባ ያውቀዋል፤ ለእንስራ መቅረት የሚያለቅስ ባለቅኔ ቢኖር አንድ ቀን ሞልቶ ዳገት ይውጣበት። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ግን ገልብጦ ይመልከት፤ ከሽቦው በላይ እንጀራው የሚጋገርበት ያው ሸክላ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ አሠርተዋል፤ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ በተጎተተው በሴባስቶፖል ዛሬ የማይኮራ የለም። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን ማንም በሙያው እንዳይሰድብ አውጀው ነበር። ታዲያ የእሳት ሥራ መድፍ ሲወጣው ጀግንነት፣ ምጣድ ሲወጣው ነውር የሚሆነው በምን ሕግ ነው? ስድቡ አዋጁን አልፎ እስከ ዛሬ በሰርግና በዝምድና ጉዳይ ሲነሣ ይሰማል።

መምህራን ይህን ቃል በክፍላቸው ሲሰሙ በዝምታ አይለፉት። ሠዓሊ በሸራው ላይ ይፈርማል፤ እንግዲህ የሙዚየምና የባህል ሹማምንትም በእያንዳንዱ ሸክላ ሥር የሠሪዋን ስምና መንደሯን ይጻፉ። ስሟን ለመጠየቅ እስከ ሐሙሲት መሄድ የሚታክተው ቢኖር ዕቃውን ከመደርደሪያው ያውርደው።