ሰርዞ ዝም ያለው ማን ነው?

አዲሱ የባሕር ዳር የዓባይ ድልድይ መቼ ተመረቀ? ግንቦት 3 ቀን 2016 የሚል ልክ ነው። 2024 የሚልም ልክ ነው፤ የቆጠረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር እስከሆነ ድረስ። እንግዲህ አንድ የባሕር ዳር ተማሪ በስልኩ የአማርኛውን ዊኪፔዲያ ከፍቶ ስለ ድልድዩ «በ2024 ዓ.ም. ተመረቀ» የሚል ዐረፍተ ነገር አገኘ እንበል። ገና ያልደረስንበት ዓመት ነው። ልጁ «አርም» የሚለውን ነካ፣ 2024ን አጥፍቶ 2016 ጻፈ፣ አስቀመጠ። ምንጭ አልጠቀሰም። ለምን እንደቀየረ የሚጻፍበትን ሳጥንም ባዶውን ተወው፤ ምን እንደሚሠራ የነገረው ሰው የለምና። ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ሲያይ 2024 ወደ ቦታው ተመልሷል። ለምን እንደተመለሰ የሚገልጽ አንድ ቃል የለም።

ይህ ልጅ አጥፊ ነው?

ለውጦችን ለሚጠብቀው ሰው ይመስላል። በዊኪፔዲያ ላይ ተንኮለኞች ከሚወዷቸው ዘዴዎች አንዱ ቁጥር መቀየር ነው። ስድብ ያፈጥጣል፤ የተቀየረ ዓመት ግን እውነተኛውን መስሎ ቁጭ ይላል። በ2005 (እ.ኤ.አ.) ጆን ሲገንታለር በተባሉ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ገጽ ላይ በኬኔዲ ግድያ ተጠርጥረው ነበር የሚል ፈጠራ ገብቶ አራት ወር ገደማ ማንም ሳይነካው ቆይቷል። ስለዚህ ጠባቂው መጠርጠሩን አልነቅፍም። የምጠይቀው ከሰረዘ በኋላ ስላደረገው ነው። ልጁን «ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር ነው?» ብሎ ጠየቀው? «2024» ከሚለው አጠገብ «ዓ.ም.» ተብሎ መጻፉ ራሱ ስህተት እንደነበር ልብ አለ? ከሁለቱ መካከል በገጹ ላይ ስህተት ያስገባው ማን ሆነ? ስህተቱን ያወጣው ልጅ ወይስ ስህተቱን የመለሰው ጠባቂ?

ምሳሌውን የመረጥኩት ብርቅ ስለሆነ አይደለም። ከእኛ አገር ታሪክ የሚጻፍ ዓመት ሁሉ በሁለት አቆጣጠር መካከል ይወዛወዛል። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው 1955 ነው ወይስ 1963? ፖሊቴክኒኩና የመምህራን ትምህርት ኮሌጁ ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ የሆኑት በ1992 ነው ወይስ በ2000? የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ያለበት ለውጥ ሲያይ መጀመሪያ ወደ አእምሮው «ተንኮል» የሚለው የሚመጣበት ሰው፣ የኢትዮጵያን ገጾች ለመጠበቅ ምን ያህል ተዘጋጅቷል?

ጠባቂዎቹ እነማን እንደሆኑም እንይ። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ከተጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ያሉት ጽሑፎች ግን 15 ሺህ ገደማ ናቸው። የስዋሂሊው ከ70 ሺህ አልፏል። ገጽ የመቆለፍና ሰው የማገድ ሥልጣን ያላቸው መጋቢዎች በአንድ እጅ ጣቶች የሚቆጠሩ ፈቃደኞች ናቸው፤ እነሱም እንጀራቸውን ሌላ ቦታ የሚጋግሩ። ክፍተቱን የሚሸፍኑት ትንንሽ ዊኪፔዲያዎችን ሁሉ ከሩቅ የሚቃኙ የሌላ አገር ፈቃደኞች ናቸው። አንድ ገጽ ሙሉ በሙሉ ሲደመሰስ ወይም በላቲን ፊደል የመድኃኒት ማስታወቂያ ሲለጠፍበት እነሱ ባይደርሱ ኖሮ ብዙ ነገር በተበላሸ ነበር። ምስጋና ይገባቸዋል። ሆኖም አማርኛ የማያነብ ሰው በአማርኛ የተጻፈን ስድብ ከምርቃት በምን ይለያል? በጣና ዳር ታንኳ ከደንገል እየሠሩ ስለኖሩት ስለ ነገደ ወይጦ በሚናገር ገጽ ላይ አንዱ መጥቶ ሲያንቋሽሻቸው ኖሮ የቆየውን የንቀት ቃል ቢጽፍ፣ ያ ቃል ምን ያህል እንደሚያቆስል ከሩቅ የሚያየው ሰው በምን ያውቃል? አንድ የአካባቢው ተወላጅ ተናዶ ያንን አንቀጽ ቢያጠፋውስ? «ምንጭ ሳይጠቅስ ጽሑፍ አጠፋ» ተብሎ የሚመለስበት ማን ነው? ሁለቱም ለውጦች በዚያ ጠባቂ ዓይን ተገላቢጦሽ ይታያሉ፤ አጥፊው የጨመረ፣ ያቀናው ያጠፋ ሆኖ።

ይህን የሚያቃና አማርኛ አንባቢ ጠፍቶ ነው? በአማርኛ አፉን የፈታው ከ30 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነው። ጉዳዩ ቁጥር ሳይሆን የመጣውን ሰው ምን እንደምናደርገው ነው። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ ተመራማሪዎች ያጠኑት ነገር አለ፤ አሮን ሃልፋከርና ባልደረቦቹ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት። ንቁ አዘጋጆች ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እየቀነሱ የመጡበትን ምክንያት ሲፈልጉ፣ ጥፋትን ለመከላከል የተበጁት ፈጣን መሣሪያዎችና የጠበቁ ደንቦች በቅን ልቦና የመጡትን ጀማሪዎችም አብረው እንደሚገፉ አገኙ። የመጀመሪያ ሥራው የተሰረዘበት ሰው የመቆየት ዕድሉ ይቀንሳል። ያ ዊኪፔዲያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጽሑፎችና ብዙ ሺህ አዘጋጆች ያሉት ነው፤ አንዱ ቢሄድ ሌላ ይመጣል። እኛ ማን አለን? በባሕር ዳር አንድ ሰው ተከፍቶ ከሄደ የዳጋ እስጢፋኖስን፣ የክብራን ገብርኤልን፣ የዘጌን ቡናና የጣናን ዓሣ ገጽ ማን ይጽፈዋል? ከሌላ ቋንቋ በማሽን የተገለበጠ አማርኛ?

ደግሞ ጀማሪው እስከ በሩ የሚደርሰው በቀላል ነው? ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክና ቴሌግራም በአገሪቱ ተገድበው በነበረበት ጊዜ ብዙ ሰው በስልኩ ላይ ቪፒኤን ጫነ። ዊኪፔዲያ ደግሞ አጥፊዎች መደበቂያ ያደርጉታል በሚል በቪፒኤን የሚመጣን አዘጋጅ በአብዛኛው ያግዳል። ያን ጊዜ «አርም» የሚለውን የነካ ሰው ምንም ሳይጽፍ «ታግደሃል» ተባለ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ከዚህ ሁሉ አልፎ የመጣ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ የሚያገኘው ቃል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይገባል?

የሞባይል ተጠቃሚዎች አንድን የኢንተርኔት አድራሻ ለብዙ እየተጋሩ እንደሚሠሩም መታወቅ አለበት። ስሙን ያላስመዘገበን አንድ ባለጌ ለመቅጣት አድራሻው ሲታገድ፣ በዚያው አድራሻ የሚያልፍ መምህርም አብሮ ይታገዳል። ለስንት ጊዜ? ለአንድ ቀን ነው ለአንድ ዓመት? የሚያግደው ሰው ይህን ያስባል?

አሁን ወደ ጣና ቂርቆስ ልሂድ፤ ማስተማር ምን እንደሚመስል የሚታየው እዚያ ነው። አንድ ጀማሪ «ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት በጣና ቂርቆስ 800 ዓመት ቆይታለች» ብሎ ይጽፋል። የሰማው ከአባቶች ነው፤ ደሴቲቱን የጎበኘ ሁሉ ይሰማዋል። ጠባቂው ምንጭ የለውም ብሎ ይሰርዘዋል። ሌላ ጀማሪ ይመጣል፣ ያንኑ ይጽፋል፣ ያም ይሰረዛል። ሦስተኛው ሲመጣ ገጹ ይቆለፋል። ስንት ሰው ተባረረ? ምን ተገኘ? ዐረፍተ ነገሩ የሚፈልገው ይህን ብቻ ነበር፦ «ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት በደሴቲቱ 800 ዓመት እንደቆየች የገዳሙ ትውፊት ይናገራል።» አማኙ ያመነው አልተነካበትም፤ የታሪክ ተመራማሪውም የሚቃወመው ነገር የለም። ጀማሪው ደግሞ በዚያች አንዲት እርማት ዕድሜ ልኩን የሚጠቅመውን ተማረ፤ የሚባለውን ማን እንደሚለው መጻፍ። ይህን ከመሥራት መሰረዝ ይፈጥናል። ለማን ይፈጥናል?

የጢስ ዓባይ ፏፏቴም እንዲሁ ነው። «በበጋ ሄጄ ውሃው ቀጥኖ አየሁት» ብሎ የሚጽፍ ሰው የመዝገበ ዕውቀት ቋንቋ አላወቀም። ያየው ግን እውነት ነው፤ ከ1993 ጀምሮ የሠራው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ውሃውን ከፏፏቴው በላይ ይወስደዋል። «ያየኸው ምክንያት አለው፤ ስለ ኃይል ማመንጫው የተጻፈ ፈልገህ ጨምር» የሚለው ቢያገኝ ከአንድ የጉብኝት ወግ አንድ ጥሩ አንቀጽ ይወጣ ነበር። በጣናው የእምቦጭ አረም ዘመቻ ጊዜስ? ወጣቱና ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብተው አረሙን በእጃቸው ሲነቅሉ «ጣናን እንታደግ!» የሚል ጥሪ በሐይቁ ገጽ ላይ የጻፈ ሰው ቢኖር፣ ጥሪው ቦታው አይደለም፣ ይወጣል። ሰውየው ግን የሐይቁ ጠላት ነው? አረሙ ከ2004 ገደማ ጀምሮ እንዴት እንደተስፋፋ እንዲጽፍ ያልጋበዝነው ለምንድን ነው?

ጀማሪን ማቃናት ለእኛ አዲስ ትምህርት ነው እንዴ? በጎጃም ቅኔ ቤቶች፣ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ አስነጋሪ የሚባል አለ። ጀማሪው ቅኔ ቆጥሮ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ ቤት ያልመታ፣ ምሥጢሩ የተዛነፈ ነው። ከፍ ያለው ተማሪ ቁጭ ብሎ ይሰማዋል። ይህ ቃል ለምን እንደማይሄድ ይነግረዋል፤ የሚሄደውን እንዲፈልግ ይመልሰዋል። የኔታ ጊዜ የላቸውም፣ አስነጋሪ የቆመው ለዚያ ነው። የተበላሸ ቅኔ ያመጣን ልጅ «ሁለተኛ እንዳትመጣ» የሚል አስነጋሪ ቢኖር ከጥቂት ዓመት በኋላ ጉባኤው ባዶ ይቀራል። በአማርኛው ዊኪፔዲያ ላይ የጎደለው ይኸው ነው፤ መጋቢ አለ፣ ከሩቅ የሚጠብቅ አለ፣ መሐል ላይ ቁጭ ብሎ የሚሰማ የለም። በሌሎች ቋንቋዎች ለእያንዳንዱ አዲስ ሰው የሚያማክረው ነባር አዘጋጅ የሚመደብበት አሠራር ከተጀመረ ቆይቷል። እኛ ዘንድ እሺ ብሎ የሚመደበው ማን ነው?

ይህን ስል ለአጥፊ እንዘንለት ማለቴ አይደለም። አውቆ የሕዝብን ስም የሚያጎድፍ፣ በሕይወት ያለን ሰው ሞተ ብሎ የሚጽፍ፣ ተነግሮት የሚደጋግም ይታገድ፤ ያውም ቶሎ። ከእሱ ጋር ክርክር የሚገጥም ጠባቂ ጊዜውን ያቃጥላል፣ አጥፊው የፈለገውንም ይሰጠዋል። ሰርዞ፣ አግዶ፣ ማለፍ። የራሱን ዘፈን ወይም ድርጅት ለማስተዋወቅ የመጣም በግልጽ «አይሆንም» ይባል። ነገር ግን ለዚህ ሰው የሚገባውን ዝምታ ዓመት ላስተካከለው ተማሪ ስንሰጠው ሁለቱን በምን ለየናቸው?

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲንም መጠየቅ ይገባል። በየዓመቱ ስለ ጣና ዓሣ፣ ስለ ገዳማቱ የብራና መጻሕፍት፣ ስለ ደንገል ታንኳ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሠራል፤ በፈተና ቀን ይቀርባል፣ ይታረማል፣ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። በጣና ብቻ የሚገኙ 15 ያህል የትላልቅ ባርቦ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ በዓለም ሌላ ቦታ የሉም። የእያንዳንዳቸውን ገጽ በአማርኛ ለመጻፍ ከሐይቁ ዳር ከሚማር የሥነ ሕይወት ተማሪ የተሻለ ማን አለ? መምህሩ ይህን እንደ አንድ የክፍል ሥራ ቢሰጥ፣ ተማሪው ምንጭ መጥቀስን ይማር ነበር፤ ሌላውም ከመሳሳቱ በፊት የሚያቃናው ሰው ያገኝ ነበር። ለምን አልተሰጠም?

ለዚያ ዓመት ለቀየረው ልጅ ምን ቢጻፍለት ኖሮ ይበቃው ነበር? ጠባቂው ማንነቱን አያውቅም፤ ተማሪ ይሁን መነኩሴ፣ መምህርት ትሁን ነጋዴ። ስለዚህ በአንቱታ ይጻፍ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የድልድዩን ዓመት ሲቀይሩ አይቻለሁ። ስህተቱን በትክክል አይተውታል፤ 2024 የአውሮፓውያኑ ነው። ገጹን ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ብዬ አስተካክዬ የምረቃውን ዜና በምንጭነት አያይዣለሁ። ሌላ ጊዜ ሲያርሙ ምክንያቱን በአንድ መስመር ቢጽፉልን ሥራዎ ሳይጠረጠር ያልፋል። ከአካባቢው ከሆኑ የአሮጌው ድልድይ ገጽ ብዙ ይጎድለዋል፤ ይርዱን።»

ይህን መልእክት አንድ ሰው አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ ቢያስቀምጠው ሌሎቻችን ስም እየቀየርን እንጠቀምበት ነበር። ጠባቂዎች፣ ከሰረዛችኋቸው ለውጦች ውስጥ ለስንቱ ባለቤት ይህን ያህል ጻፋችሁ?