የጌታቸው መኩሪያ ሸክላና የእኛ ጆሮ

አንዳንድ ወንድሞች ጌታቸው መኩሪያ በ1970ዎቹ መባቻ (እ.ኤ.አ.) በፊሊፕስ ያስቀረጸውን ሸክላ ባህልን በኤሌክትሪክ ያበላሸ ሥራ ነው ይሉታል። በቅጡ የሰሙት አይመስለኝም። ኦርጋኑና ቤዝ ጊታሩ መንገዱን ይደለድላሉ እንጂ አይሻሙም፤ ሳክስፎኑ ይሸልላል፣ ይፎክራል፣ ጠላት ፊቱ የቆመ ይመስል ያጓራል። ሽለላን ወደ ሳክስፎን ያመጣው ገና በ1950ዎቹ ስለሆነ፣ የውጭ ጸሐፊዎች ከአልበርት አይለር ጋር ሲያነጻጽሩት ቀዳሚው ማን እንደ ነበረ አይዘንጋ።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በ2003 በ«ኢትዮፒክስ» 14ኛ ቁጥር ታትሞ ፈረንጅ እስኪያጨበጭብለት ድረስ፣ ብዙዎቻችን የሬዲዮ ፕሮግራም መሸጋገሪያ አድርገን ነበር የምንሰማው። ጌታቸው በ2016 ዐረፈ። እዚህ ዳቡቅ በሚቀጥለው የኅብረቱ ምሽት፣ ከጭፈራው በፊት የሸክላው አንድ ገጽ ሙሉውን እንዲሰማ አሳስባለሁ፤ ያለ ወሬ።