የቀረውን ማን ጠየቀ?

እኛ ወረታዎች የሩዝ አረም ላይ ነን። ርብና ጉማራም ሞልተዋል፤ የፎገራ ሜዳ ከጣና ጋር አንድ የሆነ ይመስላል። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ ሩዝ ሳይሆን ስለ ባዶ ወንበር ነው።

እኔ የመካነ ኢየሱስ ምእመን ነኝ። በዚህ አገር ጥቂቶች ነን። ጎረቤቶቼ አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ሙስሊሞችም አሉ፤ በእድርና በቡና አንለያይም። እኛ ጥቂት ቤተሰቦች እሑድ ከሰዓት በአንዳችን ቤት ተሰብስበን እንጸልያለን። ዱሮ ወንበር ከጎረቤት እንዋስ ነበር፤ ዛሬ የራሳችንም ይተርፋል። ልጆቹ ሥራ ፍለጋ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ገብተዋል። የእኔ ልጅ ግን እዚሁ ቤቴ ተቀምጦ ነው የቀረው።

ሦስት ወር ዝም አልኩ። በመጨረሻ «ሰው ምን ይለኛል? አታፍርም?» ብዬ ተቆጣሁት። ልጄ ቀና ብሎ «እማዬ፣ ክትባት ያቋረጠ ሕፃን ብሆን ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት ደጄ ላይ ነበርሽ» አለኝ። መልስ አጣሁ።

እውነቱን ነው። ጤና ጣቢያ ስሠራ የመጀመሪያውን ክትባት ወስዶ ሦስተኛው ላይ የቀረ ሕፃን ሲኖር መዝገቡን አገላብጠን ስሙን እናወጣና ቤቱ ድረስ እንሄድ ነበር። እናትየዋን መቆጣት እንደማይጠቅም ቶሎ ተማርኩ። «ምን አጋጠመሽ?» ስትባል ትናገራለች፦ ወንዙ ሞልቶባት ነው፣ አረም ይዟት ነው፣ ወይም ባለፈው ልጇን ትኩሳት ይዞት ፈርታ ነው። ምክንያቱ ሲታወቅ መፍትሔው ቅርብ ነው።

ልጄንም እንደዚያ ጠየቅሁት። ሥራው ከቆመ ወዲህ የሚሰጠው ገንዘብ የለውም። እኛ ደግሞ በየሳምንቱ መዋጮ የሰጠውን በስም እናነባለን። ስሙ ሳይጠራ ሲያልፍ ሁሉም የሚያየው እየመሰለው ቀረ። ያን ዝርዝር ለዓመታት ያነበብኩት እኔው ነበርኩ።

ምእመን የሚቀንሰው በእኛ ቤት ብቻ አይደለም። በ1858 ዓ.ም. ወንጌላውያኑን ወደ ምጽዋ የላከችው ስዊድን ከሃምሳ ዓመት በፊት ከመቶው ዘጠና አምስት የሚሆነው ሕዝቧ የሉተራን ቤተ ክርስቲያኗ አባል ነበር። ዛሬ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ልጆቻቸውን የሚያስጠምቁ ወላጆችም አንሰዋል። አብዛኛው ሰው የሄደው ተጣልቶ አይደለም፤ ቀስ በቀስ ነው።

በእኛ አገር የተገላቢጦሽ ሆነ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የውጭ ሚስዮናውያን ሲባረሩ የወለጋና የአዲስ አበባ ምእመናን ጉባኤያቸውን ራሳቸው ይዘው ቆዩ። መካነ ኢየሱስ ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. ስትመሠረት ሃያ ሺህ ያህል ምእመናን ነበሯት፤ ዛሬ በራሷ ቆጠራ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ናቸው። ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ በወጣትነታቸው በነቀምቴ ሆስፒታል የሠሩ ሰው፣ ዋና ጸሐፊ ሳሉ ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1964 ዓ.ም. ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፈች። ሰውን ነፍስና ሥጋ ብላችሁ ለሁለት አትክፈሉት፣ የምንሰብከውም የምናገለግለውም አንዱን ሙሉ ሰው ነው የሚል ነበር። እሳቸውን ደርግ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ገደላቸው።

አሥር ሚሊዮን የሚለው ቁጥር ግን የእኔን ወንበር አይሞላልኝም። የአገር ቁጥር ሲያድግ የአንድ ቤት ጸሎት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ጥቂት ነገር ለወጥን። ስም ማንበብ ቀረ፤ መዋጮው በተዘጋ ሣጥን ይገባል። ሁለት እሑድ የቀረ ሰው ቤት አንዳችን እንሄዳለን። የምንሄደው ለመቆጣት አይደለም፤ ቡና ጠጥተን «ምን አጋጠመህ?» ብለን እንመለሳለን። ለልጆችም ሥራ ሰጠናቸው፦ አንዷ ታነባለች፣ አንዱ ለታመሙት ምግብ ያደርሳል። ታማሚው የየትኛውም ሃይማኖት ይሁን፣ ጎረቤት ነው።

እናንተም በየእምነታችሁ ይህን ሞክሩት። ልጃችሁ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ከቀረ ከቁጣው በፊት ጥያቄው ይቅደም። ስትጠይቁ ደግሞ መልሱ እናንተንም ሊነካ እንደሚችል ተዘጋጁ። እኔ አልተዘጋጀሁም ነበር።

ልጄ ተመለሰ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ባለፈው እሑድ ወንበሮቹን አውጥቶ ደርድሮ በሩ ላይ ቆመ። አልገባም። እኔም አልጎተትኩትም። ጸሎቱ ሲያበቃ ቡና አፍልቶ ጠበቀን።